ክረምትን ሳነቴ ላይ፦ ለቀይ ቀበሮ ክትትል እንዴት እንደምዘጋጅ

ክረምት ሲገባ ዩኒቨርሲቲ ይዘጋል፣ መረጃ መሰብሰብ ያለበት ሰው ሁሉ ቦርሳውን አንስቶ ወደ መስክ ይወጣል። የኔ መስክ ባሌ ነው፣ የሳነቴ አምባና አካባቢው። ሥራዬ ቀይ ቀበሮ መከታተል ነው፦ ማለዳና አመሻሽ ላይ መንጋው ሲሰባሰብ መቁጠር፣ ቀን ቀን ደግሞ አንድ በአንድ ተበታትነው አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ የት እንደዋሉ መመዝገብ። «በዚህ ዝናብ እዚያ ምን ልትሠራ?» የሚለኝ ብዙ ነው። አንደኛ፣ ጊዜ የማገኘው ያኔ ነው። ሁለተኛ፣ የስሪያ ወቅታቸው ከነሐሴ እስከ ኅዳር ስለሆነ መንጋዎቹ ድንበራቸውን እየዞሩ ሲያስከብሩ ለማየት ጥሩ ጊዜ ነው። በጋ ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ ግን ደረቅ ብርድ ነው። የክረምቱ ብርድ እርጥብ ነው፣ ለኔ ከዚያኛው ይከፋል።

የዝግጅቱ ትልቁ ክፍል የሚያልቀው ገና አዲስ አበባ እያለሁ ነው። የምጀምረው ከደብዳቤ ነው። የትም ቢሮ ቢሆን ፈራሚው ስብሰባ ሊገባ፣ ማህተም ያዡ ሊታጣ ይችላል፤ ስለዚህ ለሐምሌ ጉዞ ሚያዝያ ላይ እነሳለሁ። ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዚያ ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ከዚያ ዲንሾ ያለው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት። ፀጉርም ሆነ ዓይነ ምድር ለናሙና ለመውሰድ ካሰባችሁ ደብዳቤው ላይ ተጽፎ ይግባ፣ እዚያ ደርሶ «ረስቼው ነው» አይሠራም። ብዙ ኮፒ ያዙ። ኮፒ ማሽን ተራራ ላይ የለም።

ደብዳቤው እስኪመጣ ክትባት። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም ይባላል፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፣ እነሱንም በተደጋጋሚ የሚፈጃቸው ከእረኛ ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ወረርሽኝ ነበር። እናንተ ደግሞ በየቀኑ የምታልፉት በነዚሁ ውሾች መሀል ነው። ቅድመ መከላከያው በሳምንት ልዩነት ቢያንስ ሁለት ዙር ስለሆነ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም። ተከትባችሁም ቢሆን ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ከዚያ ሥራውን ትቶ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው። ድርድር የለውም።

ለእግር ልምምድ እንጦጦ መውጣት ይበቃል፣ ግን ባዶ ጀርባ አይደለም፣ ቦርሳው ተሞልቶ። ለከፍታው ግን ልምምድ ብቻውን አያድንም። ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ የሳነቴ አምባ 4,000 አካባቢ፣ ከፍተኛው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377። ከጎባ በመኪና ሽቅብ ወጥቶ በዚያው ቀን እላይ ማደር ይቻላል፣ መንገዱ ያስኬዳል። ራስ ምታቱንና ትውከቱን ከፈለጋችሁት ማለቴ ነው። እኔ መጀመሪያ ዲንሾ አድራለሁ፣ ጌሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን እያየሁ እግሬን አፍታታለሁ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ወብ ሸለቆና ወደ ሳነቴ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ እርጥበቱ። ልብሴን ለሁለት ነው የምከፍለው። የሥራው ይረጥባል፣ በቃ፣ ጠዋት ብርድ እያንዘፈዘፋችሁም ቢሆን ያንኑ እርጥብ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። የመኝታው ግን ከድንኳን አይወጣም፣ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። ደረቅ ካልሲና ደረቅ ሹራብ ማታ ከሌላችሁ በሦስተኛው ቀን ቀበሮ ሳይሆን ፀሐይ ነው የምትፈልጉት። ለእግር ውድ የቆዳ ጫማ ገዝተው የሚመጡ አሉ፣ አንዴ ከረጠበ ግን ክረምቱን ሙሉ አይደርቅም። ገበሬው የሚያደርገው የላስቲክ ቦት፣ በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ፣ በሁለት ካልሲ። መሬቱን ግዙፉ ፍልፈል ከሥር እየቦረቦረ ስለሚኖር አፈሩ ድንገት ይከዳችኋል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ፈረስም ይሰምጣል፣ ስለዚህ የቁርጭምጭሚት ማሰሪያ ፋሻ ከመድኃኒት ቦርሳዬ አይጠፋም።

ወረቀት ላይ በእርሳስ ብቻ። እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ ወይ አይጽፍም ወይ ይሟሟል። ማታ ማታ የቀኑን ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ። ባትሪ ብርድ ሲያገኘው ቶሎ ስለሚደክም ጂፒኤሱም፣ ስልኩም፣ ፓወር ባንኩም አብረውኝ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ያድራሉ። በሶላር ቻርጀር አትመኩ፣ ደመናው አያሠራውም። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ትናንሽ ከረጢቶች ዓመቱን ሙሉ እየሰበሰብኩ ከቢኖኩላሩ ጋር አኖራቸዋለሁ። ሌላው ሁሉ በወፍራም ላስቲክ ተጠቅልሎ ነው ፈረስ ላይ የሚጫነው፣ የቀኝና የግራው ክብደት እኩል ሆኖ፤ ባለፈረሱ ጭነቱን ፈትቶ እንደገና ሲያስር ከማየት አስቀድሞ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

ምግብ ላይ ፊዚክስ አለበት። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሙሉ ባቄላና ሽምብራ ቀኑን ሙሉ ተንተክትኮ ጥሬውን ይወጣል፣ ጋዙም ያልቃል። ሽሮ፣ ምስር ክክ፣ በሶ፣ ቆሎ ያዙ። ባሌ ከደረሳችሁ በኋላ ጭኮ ፈልጉ፤ ገብስና ቅቤ ነው፣ አንድ ጉርሻ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በፍልሰታ የምትጾሙ ከሆነ ግን ጭኮው ለሌላው ነው። ሥጋ አልይዝም፣ አብረውኝ ከሚወጡት ስካውቶች (የፓርኩ ጠባቂዎች) አብዛኞቹ ሙስሊሞች ስለሆኑና የማን እርድ ነው የሚለው ጥያቄ ስለሚመጣ። ሽሮ ሁሉንም አንድ ድስት ላይ ያሰባስባል። ምድጃው በነጭ ጋዝ የሚሠራ ይሁን፤ አስታ (የተራራውን ቁጥቋጦ) ቆርጣችሁ እያነደዳችሁ ስለ ጥበቃ ብታወሩ ማንም አይሰማችሁም።

ስለ ስካውቶቹ ካነሳሁ አይቀር፣ ከመሣሪያ ሁሉ በላይ የሚያስፈልጋችሁ እነሱ ናቸው። እኔ በቢኖኩላር ድንጋይ ነው የምለውን ኦቦ እገሌ በባዶ ዓይን «ጄዳላ ፈርዳ» (በኦሮምኛ ቀይ ቀበሮ) ብሎ ተኝቶ የነበረ ቀበሮ ያሳየኛል። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት ኦሮምኛዬን አድሳለሁ፦ ሰላምታ፣ ቁጥር፣ አቅጣጫ፣ «ትናንት አየህ ወይ?»። ለእረኛው ማንነታችሁን ራሳችሁ ስትነግሩትና ስካውት ሲተረጉምላችሁ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ አይደለም። የስካውትና የፈረስ ክፍያ ከመነሳታችን በፊት በግልጽ ይወሰናል፣ ዝናብ ይዞን የዋልንበት ቀንም ይከፈላል ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ።

የመጨረሻው ዝግጅት ቅጹ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይሄን ነው። ስካውቱ «1 ሰዓት ላይ አየሁ» ሲል ጂፒኤሱ 7 ይላል። እሱ ሐምሌ 12 ሲል ማሽኑ ጁላይ 19 ይላል። ቅጹ ላይ ለሁለቱም ቦታ ከሌለ ቤት ስትመለሱ ቀበሮው ጠዋት ይሁን ቀትር የታየው ማወቅ ትቸገራላችሁ። እኔ የሰዎቹን ሰዓት እንደነገሩኝ እጽፋለሁ፣ ከጎኑ የማሽኑን። ካርታውም እንደዚሁ፦ የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩበት ስሌት አዲንዳን ይባላል፣ ጂፒኤስ ደግሞ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባል ሌላ ስሌት ነው የሚሠራው፣ ሳይስተካከል ከተነበበ ቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። የአንድ መንጋ ድንበር ለሚያሰምር ሰው ይሄ ቀላል አይደለም።

እና ጉም። የክረምት ጉም ሲወርድ አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ አይነሳም፣ ቆጠራውም ይቋረጣል። ታዲያ ቅጹ ላይ «0» ተብሎ እንዳይጻፍ፤ ዜሮ ማለት አይተን አጣን ማለት ነው፣ በጉም ቀን ግን ማየቱም አልነበረም። ስለዚህ ከየመቆጠሪያ ቦታው አንድ የታወቀ ጉብታ አስቀድሜ እመርጣለሁ። ጉብታው ከታየ እንቆጥራለን፣ ካልታየ «ጉም» ብለን ሰዓቱን ጽፈን ሻይ እናፈላለን።