ለሚጎትት ውሻ፣ የረገበ ገመድ

ግቢ የሚጠብቅ ውሻ እያየን ላደግን ሰዎች፣ ውሻን በገመድ ይዞ መንገድ መውጣት ስደት ያመጣው ሥራ ነው። ልጆች ለምነው ያስገዙት ቡችላ ስድስት፣ ሰባት ወር ሲሞላው ጌታውን እየጎተተ ይዞት ይወጣል። ጥጋብ ወይም ንቀት አይደለም። ጎትቶ ያሰበው ዛፍ ጋ ከደረሰ መጎተት አዋጣው ማለት ነው፤ ነገም ይጎትታል። በዚያ ላይ የውሻ እርምጃ ከሰው ይፈጥናል። ወደ ኋላ ስትስቡት ደግሞ ሚዛኑን ለመጠበቅ ወደ ፊት ይገፋል፤ ስለዚህ ጎታችን በጉተታ መመለስ ትርፉ ድካም ነው።

ገመዱ ርዝመቱ የማይለዋወጥ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሆነ ይሁን። እየተተረተረ የሚረዝመው ዓይነት ለዚህ ትምህርት አይሆንም፤ ውሻው በሳበ ቁጥር ይረዝምለታል፣ እኛ እንዲተወው የምንፈልገውን እሱ ያስተምረዋል። ሃርነስ የሚሉት የደረት ማሰሪያ ከአንገት ማሰሪያ ይሻላል፣ በተለይ አፍንጫቸው ደፍጠጥ ላለ፣ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ዝርያዎች። ቀለበቱ ደረቱ ላይ ከሆነ ውሻው ሲስብ ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ጀርባው ላይ ያለው ግን ሙሉ ጉልበቱን ለመሳብ ያመቸዋል። በማሰሪያውና በገላው መካከል ሁለት ጣት ይግባ። የሚያንቀውን ሰንሰለትና ባለ እሾሁን ተዉት፤ ውሻው ሕመሙን በዚያች ቅጽበት ካየው ሕፃን ወይም ውሻ ጋር ሊያያይዘው ይችላል። ገመዱን እጃችሁ ላይ አትጠምጥሙ፣ ጣት ይሰብራል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ቤት ውስጥ፣ ሳሎን ወይም ኮሪደር ላይ ነው። ጉርሻው የአተር ፍሬ የሚያክል፣ ለስላሳና ቶሎ የሚዋጥ ሆኖ ከዕለት ምግቡ ይቀነስ። አንድ እርምጃ ሂዱ፤ ገመዱ እንደረገበ ከሆነ አጉርሱት። የምታጎርሱበት ቦታ ከምትሰጡት ነገር አያንስም፦ እጃችሁ ከሱሪያችሁ ስፌት ጎን፣ አፉ በሚደርስበት ከፍታ ይሁን። ፊት ለፊታችሁ ካጎረሳችሁት መንገዳችሁን ዘግቶ መቆም ይለምዳል። ከዚያ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ10 እርምጃ፤ አልፎ አልፎ ወደ 2 መልሱት። 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይበቃል።

ውጭ ስትወጡ ገመዱ ሲወጠር ቁሙ። አትሳቡ፣ አትቆጡ። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ወይም አንድ እርምጃ ተመልሶ ገመዱ ሲረግብ ጉዞው ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ እንደተመለሰ ያጎርሰዋል። ውሻው ታዲያ «ልሳብ፣ ልመለስ፣ ልጉረስ» የሚል ዙር ይማራል። ከተመለሰ በኋላ 3 ወይም 4 እርምጃ አብሯችሁ ከሄደ ነው የሚጎርሰው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በ20 ደቂቃ ከበራችሁ ብዙም ላትርቁ ትችላላችሁ፤ ትምህርቱ ግን እየሄደ ነው።

ማነፍነፍን አትከልክሉ፤ ለብዙ ውሻ ከጉርሻም ይበልጣል። ጥቂት እርምጃ በረገበ ገመድ ከሄደ «አሽትት» ብላችሁ ወደ ቁጥቋጦው አብራችሁ ሂዱ።

ሌላ ውሻ አይቶ ጉርሻ እንቢ ካለ በጣም ቀርባችኋል፤ መንገድ ተሻግራችሁ ወይም ጠምዘዝ ብላችሁ ርቀት ስጡት። እየጮኸ የሚዘልል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ፍርሃት ነውና፣ ለዚያ አሠልጣኝ ያየው ይሻላል።

በኛ ቤት ዓይነተኛው ችግር ቋንቋ ነው። እናት «ነይ»፣ አባት «ና»፣ ልጆች በትምህርት ቤታቸው ቋንቋ ሌላ ይላሉ። ለውሻው ሦስቱም የተለያዩ ድምፆች ናቸው። ውሻዋ ሴትም ትሁን ወንድ፣ አንድ ቃል መርጣችሁ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት፤ ሰዋስው አይጠይቃችሁም። አራት ሰው አቁሞት አምስተኛው ከተጎተተለትም ጉተታው አይጠፋም፣ እንዲያውም ይጠነክራል፤ አንዳንዴ ብቻ የሚያዋጣ ነገር ቶሎ አይተውም።

ለሥራ በረፈደበት ጠዋት ማን ቆሞ ይጠብቃል? ያን ጊዜ፣ ማሰሪያው ሁለቱም ቀለበት ካለው፣ ገመዱን ከደረቱ ፈታችሁ የጀርባው ቀለበት ላይ አያይዙት። የደረቱ ቀለበት ትምህርት፣ የጀርባው ደግሞ ዕረፍት መሆኑን በጊዜ ብዛት ይለየዋል።