አመዳይ የለበሰ አንሶላ

ይህን ምስክርነት የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው። እሱን የሚያሳፍር ነገር ስላለበት አስቀድሜ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና "ስሜን ካልጻፍሽው እሺ" አለኝ። ስሙን አልጽፍም። ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው።

የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተማችንን የሚያውቅ ብርዷን ያውቃል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብትርቅ ነው፤ ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ጥቅምት ሲገባ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ክረምቱ ወጥቶ፣ ደመናው ተገፎ፣ ነፋሱም ጸጥ ሲል ያን ጊዜ ነው ውርጩ የሚወርደው። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ጠዋት ግን ደጅ ያደረ ባልዲ አፉ ላይ በረዶ ሠርቶ ይገኛል።

ልጄ ሌሊት ፍራሽ ላይ ይሸና ነበር። አምስት ዓመት ሞላው፣ አልተወም። ስድስት ሞላው፣ አልተወም። ያልሞከርኩት የለም። ከመሸ ውኃ ከለከልኩት። ሌሊት እየቀሰቀስኩ አወጣሁት። ሸንኮራ ዮሐንስ ድረስ ወስጄ አስጠመቅኩት። ሐኪም ጋ ስወስደው "ብዙ ልጅ ላይ ያጋጥማል፣ ሲያድግ ይተወዋል፣ ብቻ አትቆጪው" አለኝ። እኔ ግን እቆጣው ነበር። እውነቱን ልናገር፣ አንዳንድ ቀን እጄንም አነሳበት ነበር።

የባሰው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ አንሶላ አይደርቅም። በየጠዋቱ አጥባለሁ፣ ማታ ከሰል አቀጣጥዬ ወንበር ላይ ዘርግቼ አደርቃለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ሁሉም ነገር ሽንት ሽንት ይላል።

አምና በፍልሰታ ሱባኤ ይዤ 16ቱንም ቀን ለመንኩ። ኪዳን አላስታጎልኩም፣ ቅዳሴ አላስታጎልኩም። ጾሙ በተፈታ ማግስት ብርድ ልብሱን ብገልጠው ፍራሹ ርሷል። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆምኩና ጮህኩ። "ሀብት ስጠኝ አላልኩህ፣ ቤት ስጠኝ አላልኩህ። ይቺን ትንሽ ነገር እንኳ? ትሰማለህ ወይስ አትሰማም?" አልኩት። እንደ ሰው አኮረፍኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተውኩ። ሰው ሲጠይቀኝ "ሕፃን ይዤ ነው" እላለሁ። ውሸቴን ነበር።

የልጄንም ፍራሽ ከሁለት ዓመት እህቱ አጠገብ አንስቼ በሩ ሥር አነጠፍኩለት። "ሽታህ ሕፃኗን እንዳያሳምማት" አልኩት። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል። ምንም አልመለሰልኝም። ትራሱን አቅፎ ሄዶ በሩ ሥር ተኛ።

ጥቅምት ላይ እናቴ ከመንዝ መጣች። ሞላሌ አካባቢ አራሽ ናት። ባቄላዋን ውርጭ መታው። ባቄላ ውርጭ ሲመታው ያየ ያውቀዋል። ማታ አረንጓዴ ሆኖ ያመሸው ጠዋት የፈላ ውኃ የተደፋበት ይመስላል። ፀሐይ ሲያርፍበት ደግሞ ይጠቁራል። ይህን እያወራችኝ "እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ፣ ስሙ የተባረከ ይሁን" አለች። እኔ ቱግ አልኩ። "አንቺም ዝም ብለሽ ታመሰግኛለሽ!" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና "ታዲያ ከማን ጋር ልጣላ፣ ልጄ?" አለች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ባለቤቴ ሹፌር ነው፤ ያን ቀን ደሴ ነበር ያደረው። ማታ ቡና አፈላን። ብርዱ ከበድ ስላለ የበሩን ሥር በጨርቅ ወተፍኩት። መስኮቷን ቆለፍኩ። አንሶላውን እንደ ልማዴ ከከሰሉ አጠገብ ዘረጋሁ። እናቴ ልትተኛ ስትል "ከሰሉን አውጪው እንጂ" አለችኝ። "ጭሱ አልቋል እኮ እማዬ፣ አንሶላው ሲደርቅ አወጣዋለሁ" አልኳት። እሷ ከመንዝ ያመጣችውን ባና ለብሳ መደቡ ላይ ተጋደመች። እኔ ሕፃኗን ሳጠባ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ቀጥሎ የሆነውን ግማሹን የነገረኝ ልጄ ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ብርድ ቀሰቀሰው። ሸንቶ ነበር። ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ያቅለሸልሸዋል። ግን የፈራው እኔን ነው። ጠዋት ሳላየው ሊደብቀው አሰበ። አንሶላውን ከፍራሹ ገፈፈና ጨርቁን ከበሩ ሥር ጎትቶ አወጣው። በራችን ሲከፈትም ሲዘጋም ይጮኻል። ቀስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ በጣቱ እየያዘ ከፈተው። ሲዘጋው እንዳይጮኽበት ብሎ ወለል አድርጎ ተወው። በባዶ እግሩ ግቢ ወጥቶ አንሶላውን ገመዱ ላይ ወረወረ።

ክፍት የቀረውን በር ሳስብ አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው። ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ አስታወከ። "እምዬ!" ብሎ አያቱን ጠራ፣ ዝም። "እማ!" አለኝ። እኔ ሰማሁት። ይህንን ማስረዳት ይቸግረኛል። ድምፁ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ አፍ ላይ እንደሚጣራ ሰው ይሰማኛል። "አቤት" ልለው እፈልጋለሁ፣ ምላሴ አይታዘዝም። እጄን ላነሳ እሞክራለሁ፣ የእኔ አይመስልም። ሕፃኗ ደረቴ ላይ ናት። መተንፈሷን ለማወቅ እንኳ አልቻልኩም። በልቤ "ኪርያላይሶን" የሚል ነገር መጣ። ሁለት ወር ሙሉ አልወጣኝም ነበር። ያኔ አፌ ተዘግቶ ልቤ አለው። ከዚያ ብርዱ መጣ። ያ የረገምኩት ውርጭ በክፍቱ በር ገብቶ ፊቴን እንደ ውኃ መታኝ። እንደዚያ የሚጣፍጥ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

ልጄ ሮጦ የአከራያችንን በር ደበደበ። እትዬ ለማኅሌተ ጽጌ ሊሄዱ ተነስተው ነጠላቸውን እያጣፉ ነበር። ወሩ የጽጌ ነው፣ የእመቤታችን ስደት የሚታሰብበት። ዓይናቸው እንቅልፍ ላይ ቢሆን ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? እትዬ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ በ60 ዓመትዎ ሦስት ሰው ጎትተው አወጡ። "እስራኤልን የሚጠብቅ አይተኛም አያንቀላፋም" እያሉ ነበር የሚጎትቱን። ከሰሉን ከነምድጃው አንስተው ግቢው መሐል ጣሉት።

መሬቱ ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ከዋክብቱን አየሁ። የከተማችን ስም የመጣው ለዓፄ ዘርአ ያዕቆብ ሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ነው እየተባለ ሰምተን አድገናል። እኔ ያየሁት ከዋክብት ብቻ ነው፣ ግን ወደ ዓይኔ የወረዱ ያህል ቅርብ ነበሩ። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። የልጅ ለቅሶ ስሰማ እልል ማለት ያማረኝ ከወለድኳት ቀን ወዲህ ያኔ ነው።

እናቴ ግን አልነቃችም።

ባጃጅ የሚነዳው ወጣት ከእኛ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ ነው የሚኖረው። በቁምጣና በጋቢ ነው የወጣው። ሆስፒታል አድርሶን፣ እናቴን አዝሎ አስገብቶ፣ ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ሄደ። ወንድሜ፣ መንገድህን ሁሉ ይጠብቅልኝ። ነርሷ እኛን ኦክስጅን ላይ አድርጋ እያስረዳችኝ ነበር። ከሰል ሲቀላ ጭሱ ይጠፋል እንጂ መርዙ አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፣ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ሰው ተኝቶ ሳለ እንቅልፍ መስሎት ይሄዳል። እሰማታለሁ፣ ዓይኔ ግን እናቴ ላይ ነው። ጭምብሉ ፊቷ ላይ ሆኖ፣ ሻካራው እጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል። በጥፍሯ ውስጥ የመንዝ አፈር አለ። ያንን ጥፍር እያየሁ 10 ሰዓት ሆነ፣ 11 ሰዓት ሆነ። "ሥላሴ፣ እናቴን መልሱልኝ፣ ጃንጥላ አገባለሁ" አልኩ። ደግሞ ስለት ለመሳል ምን ፊት አለኝ ብዬ አፈርኩ። "ባኮርፍህም አንተ አላኮረፍክም" አልኩት። ከዚያ በላይ ቃል አልነበረኝም።

ሊነጋጋ ሲል ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ዓይኗን ገለጠች። ጭምብሉን ገፋ አድርጋ አየችኝና "ከሰሉን አወጣሽው?" አለችኝ።

"እኔ ተኛሁ፣ አንቀላፋሁም፣ እግዚአብሔርም ደግፎኛልና ነቃሁ" የሚለውን ዳዊት ስንት ጊዜ ደግሜዋለሁ። ያን ቀን ገባኝ።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ልብስ ልወስድ ከልጄ ጋር ወደ ቤት መጣሁ። ፀሐይ ወጥቷል፣ ገመዱ ግን የግንቡ ጥላ ውስጥ ነው። አንሶላው እንደ ሳንቃ ደርቆ ቆሟል። አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል፣ እጥፋቱ ሁሉ እንደ ባዘቶ ፀጉር አብቅሏል። ጫፉን ስነካው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ "እማ፣ ጠዋት ልነግርሽ ነበር፣ አትቆጪኝ" አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበው ይህንን ነበር። አራት ነፍስ አድኖ የፈራው ቁጣዬን ነበር።

"ኃጢአታችሁ እንደ አለላ ብትሆን እንደ አመዳይ ትነጻለች።" ከየት መጣ? ሳላስበው አፌ ላይ ነበር። እዚያው መሬት ላይ ተንበርክኬ የልጄን እግር ይዤ ይቅርታ ጠየቅኩት። ግራ ገብቶት "ተነሺ፣ መሬቱ ይበርዳል" አለኝ።

የነሐሴው ጸሎቴ በነሐሴ ተመልሶልኝ ቢሆን ኖሮ ልጄ ያን ሌሊት ደረቅ ፍራሽ ላይ ጸጥ ብሎ ያድር ነበር። ከእህቱ ጎን ቢተኛ ኖሮ ደግሞ እንደ እኛ ከሰሉ አጠገብ ይሆን ነበር። የንቀት ቦታ ብዬ የሰጠሁት በሩ ሥር ነው የተሻለ አየር የነበረው። ግንበኞች የናቁት ድንጋይ። ይህን ስል ግን እናቴን ባቄላ ያሳጣት ያው ውርጭ መሆኑን አልረሳሁም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። "አመዳዩን እንደ ባዘቶ ይሰጣል ይላል፤ ይሰጣል ነው የሚለው" አለችና ሌላ ወሬ አነሳች። እኔ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም።

ጥር 7 የሥላሴን ጃንጥላ አስገባሁ። በየካቲት በልግ ጣለ፣ እናቴ ገብሷን ዘራች። ልጄ ስድስት ወር ሙሉ እየሸና ቆይቶ ግንቦት ላይ ተወው፣ እኔም መቼ እንደተወው ልብ አላልኩም።

ዘንድሮ ጥቅምት ገብቷል። ከሰል ደጅ ይቀጣጠላል፣ ቡናውም ደጅ ይፈላል፣ ማታ ቤት አይገባም። የልጄ ፍራሽ ከእህቱ አጠገብ ነው። ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ የበሩን ማጠፊያ ዘይት ልቀባው ብሎ ጠርሙሱን ይዞ ተነሳ። ተወው አልኩት። አሁንም ይጮኻል።