ጸጉሯን ሳልገልጥ የጻፍኩት ሪፖርት

ጥቅምት ነበር። ባሌ ተራሮች፣ ሳነቴ አምባ ላይ፣ ከ4000 ሜትር በላይ፣ ጠዋት ሣሩ ውርጭ ይዞ ከእግር በታች ይንኮሻኮሻል። ሥራዬ ቀይ ቀበሮ መከታተል ነው። ጎህ ሳይቀድ እንወጣለን። የትኛው መንጋ የት አደረ፣ ስንት ናቸው፣ ማን ጎደለ፣ እንመዘግባለን።

የዚያን ቀን የጎደለችውን አገኘኋት። ጅብራ ከሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ሥር በጎኗ ሞታ ተኝታለች። የመንጋው እናት ነበረች። በአንድ መንጋ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አውራዋ ሴት ብቻ ናት፤ እሷም በዓመት አንዴ።

ወዲያው የመጣብኝ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ባሌ ውስጥ የሠራ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ወረርሽኝ የዌብ ሸለቆን ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ገደማ ፈጅቷል። በዓለም የቀሩት 500 ገደማ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ እኛው ጋ። ጓንት አጠለቅኩ። ፎቶ አነሳሁ። ቅጹ ላይ «በሽታ የተጠረጠረ» ብዬ ጻፍኩና ሬሳውን በላስቲክ ጠቅልለን ወደ ካምፕ ወሰድነው። አካባቢውን ዞር ብዬ እንኳን አላየሁም። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ዝናብ ጣለ።

ማታ አንጋፋው ጠባቂያችን መጡ። ሁላችንም «ኦቦ» ነው የምንላቸው።

«ጸጉሯን ገልጠህ አይተሃል?» አሉኝ።

«ኦቦ፣ ቁስል የለባትም።»

አልመለሱልኝም። ቀጭን የአስታ እንጨት አንስተው ጸጉሯን ከጅራት ወደ አንገት በተቃራኒው ይገልጡ ጀመር። ቀስ እያሉ። ከፊት እግሯ ኋላ ሲደርሱ እንጨቱ ቆመ። የሽምብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ። ዙሪያዋ ደም ደርቋል። ቀይ ጸጉር ላይ ቀይ ደም፣ ከላይ ሲያዩት ምንም አይለይም።

በማግስቱ ወደ ቦታው ሮጥን። ዱካው ታጥቧል፣ ቀለህም አላገኘንም። የእንስሳት ሐኪሙ ሲከፍታት እርጉዝ ነበረች። ስንት እንደነበሩ ቅጹ ላይ አለ፤ እዚህ ልጽፈው አልፈልግም።

ተኳሹ አልተያዘም። ኦቦ እንደሚሉት አንዳንዱ ተኩላ መስሎት ይተኩሳል፣ አንዳንዱ ግልገል በግ ትበላብኛለች ብሎ። የእሷ ቀለብ ግን ከሞላ ጎደል አይጥና ፍልፈል ነው። የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999 አለን። ፍርድ ቤት ግን ማስረጃ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ ማስረጃው ላይ ቆሜ ነበር፣ ዝናቡ ሳይመጣ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድሜ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን ሬሳ ሳገኝ ወዲያው አልጠጋም። መጀመሪያ ከሩቅ እዞራለሁ፤ ዱካ፣ ቀለህ፣ የሰው መቀመጫ እፈልጋለሁ። እረኞቹን ተኩስ ሰምታችኋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ጓንት፣ ከዚያ እንጨት። «የተጠረጠረ» የሚለውን ቃል የምጽፈው መጨረሻ ላይ ነው።

ባለፈው ሌላ ሞቶ አገኘን። ከጅራት እስከ አንገት ገለጥኩት፣ በሁለቱም ጎን። ቀዳዳ የለም። ያኔ ነው ስልኬን አውጥቼ ሐኪሙ ጋ የደወልኩት።