የፓራናልን ጥሬ ምስል በቤት ኮምፒውተር ማጽዳት፦ እስካሁን የደረስንበት

ፓራናል በቺሊ አታካማ በረሃ፣ 2,635 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኝ የአውሮፓ ደቡባዊ ኦብዘርቫቶሪ (ኢሶ) ማዕከል ነው። አንቱ፣ ኩየን፣ ሜሊፓልና የፑን የተባሉት አራቱ ትልልቅ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው 8.2 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አላቸው። የሚያነሡት ጥሬ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ሲሞላው ለሁሉም ይከፈታል። በዚህ ዙር የሠራነው ፎርስ 2 በሚባለው ካሜራ ምስሎች ነው። ምርጫው የኢንተርኔት ጉዳይም አለበት፦ በተለመደው 2 በ2 አነባበብ (አራት ፒክስል እንደ አንድ ሲነበብ) አንዱ ፋይል 2048 በ1034 ፒክስል ብቻ ስለሆነ 4 ሜጋባይት ገደማ ነው። ደካማ መስመር ላይ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ምስሉን ከመክፈታችሁ በፊት የፋይሉን ራስጌ አንብቡ። በየትኛው ቴሌስኮፕ እንደተነሣ፣ ማጣሪያው፣ የተጋለጠበት ሰከንድ፣ ኤርማሱ፣ ሁሉም እዚያ አለ። ኤርማስ ብርሃኑ ምን ያህል አየር ሰንጥቆ እንደመጣ ይነግራል፤ አናት ላይ 1፣ ከአናት 60 ዲግሪ ወረድ ሲል 2 ይሆናል። ፓራናል በደቡብ ኬክሮስ 24.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነ የፍኖተ ሐሊብ እምብርት አናቱ አጠገብ ያልፋል። ትልቁ የማጄላን ደመና የሚባለው ጋላክሲ ግን እዚያም ከ45 ዲግሪ ብዙም አይወጣም፤ ኤርማሱ በጥሩ ሰዓቱ 1.4 ነው። (አዲስ አበባ ላይ ይኸው ደመና ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው።)

የአየሩ መዋዠቅ ኮከቡን ምን ያህል እንደሚያደበዝዘው የሚለካው በአርክሰከንድ ነው፤ ሲይንግ ይሉታል። ከኤርማስ ጋር በ0.6 ኃይል ያድጋል፦ አናት ላይ 0.8 የነበረው ኤርማስ 2 ላይ 1.2 ይደርሳል። ራስጌው ውስጥ የተጻፈውን ሲይንግ ግን እንዳለ አትመኑ። እሱን የሚለካው ለብቻው የቆመ ትንሽ መሣሪያ ነው፣ ቁጥሩም የሚሰጠው ለአናትና ለ500 ናኖሜትር ብርሃን ተሰልቶ ነው። በድሮዎቹ ፋይሎች ደግሞ መሣሪያው ለመሬት ቅርብ ስለነበር፣ ትልቁ ቴሌስኮፕ ከፍ ብሎ የሚያመልጠውን የታችኛውን አየር ጭምር ቆጥሮ አብዝቶ ይናገራል። ያልተቃጠሉ (ብርሃናቸው ከካሜራው ልክ ያላለፈ) አሥር ያህል ኮከቦችን ስፋት በራሳችሁ ለኩ። ፎርስ 2 በዚህ አነባበብ አንዱ ፒክስል 0.25 አርክሰከንድ ስለሆነ 0.7 ሲይንግ ሦስት ፒክስል ገደማ ሆኖ ይታያል።

አንድ ልዩነት ይያዝ። ከመስታወቱ ሥር ያሉት 150 ደጋፊዎች ቅርጹን ሌሊቱን ሙሉ ያስተካክላሉ፤ ይህ ግን ክብደትና ሙቀት የሚያመጡትን መጣመም ነው የሚያርመው፣ የአየሩን መዋዠቅ አይደለም። በሌዘር የሚታገዘውን የአየር እርማት ፎርስ 2 አይጠቀምም። ስለዚህ ከአንቱ በመጣ የፎርስ 2 ምስል ውስጥ ያንን ጥራት አትፈልጉ።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ካልሴሌክተር የሚባለው የኢሶ መሣሪያ ለመረጣችሁት ምስል የሚስማሙትን ባያስ (ብርሃን ሳይገባ የተነበበ፣ የካሜራውን መነሻ ቁጥር የሚያሳይ ምስል) እና ፍላት (እኩል ብርሃን ላይ ተነሥቶ የፒክስሎቹን የብርሃን አቀባበል ልዩነት የሚያሳይ ምስል) አብሮ ያወርዳል፤ በእጅ ከመልቀም እሱ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቺፑ ላይ ነው። ካሜራው ሁለት ብርሃን ተቀባይ ቺፕ አለው፣ እያንዳንዱ በራሱ ፋይል ይቀመጣል። የቺፕ 1ን ምስል በቺፕ 2 ፍላት ብታካፍሉት ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ይሠራዋል፣ ውጤቱ ግን ከመነሻው የባሰ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት ማኅደር ለያዩአቸው።

ሁለተኛው ወጥመድ የቁጥሩ ዓይነት ነው። ጥሬው ምስል 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ነው። ሳይቀየር ባያስ ከተቀነሰበት 200 ሲቀነስ 205 አሉታዊ 5 በመሆን ፈንታ 65,531 ይሆናል፤ ጨለማው ሰማይ ላይ እንደ ጨው የተበተኑ ነጭ ነጥቦች ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ነው። ፓይተን የምትጠቀሙ መጀመሪያ ወደ ፍሎት 32 (አሉታዊና ነጥብ ያለው ቁጥር የሚይዝ ዓይነት) ቀይሩ።

ቀጥሎ አምስት ወይም ከዚያ በላይ ባያሶችን በሚዲያን (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከለኛ በሆነው ቁጥር) ወደ አንድ ዋና ባያስ አጣምሩ። ፍላቶቹ በወጋገን ሰማይ ላይ የተነሡ ናቸው፤ ሰማዩ በየደቂቃው ስለሚለዋወጥ አንዱ 30,000፣ ሌላው 15,000 ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ባያሱን ቀንሱ፣ በራሱ ሚዲያን አካፍሉ፣ ከዚያ ነው የሚጣመሩት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ደማቁ ፍላት ሌሎቹን ይውጣል፣ በመሃል የገቡት ኮከቦችም አይጠፉም። ባያስ ሳይቀነስ የተካፈለ ፍላት ደግሞ የጠርዙን መደብዘዝ አሳንሶ ያሳያል።

የቺፖቹን ሙሉ ስፋት ብርሃን አያገኘውም፤ በተለይ ቺፕ 2 ላይ ሰፊ ጨለማ ቦታ አለ። እዚያ ፍላቱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ማካፈሉ ግዙፍ ቁጥር ይወልዳል፣ የምስሉንም አማካይ ያበላሻል። ፍላቱ ከ0.5 በታች የሆነበትን ሁሉ እንሸፍነዋለን። ይህ የኛ ልክ እንጂ ሕግ አይደለም።

የኮስሚክ ጨረር ጭረቶችን በተመለከተ፣ ቴሌስኮፑ በመሃል ትንሽ እየተገፋ የተነሡ ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ምስሎች ካሉ በኮከቦቹ አሰልፎ በሚዲያን ማጣመሩ ብዙውን ያጠፋል። አንድ ምስል ብቻ ካለ በፕሮግራም ማጽዳት ይቻላል፤ ገደቡን ዝቅ ካደረጋችሁት ግን የደማቅ ኮከቦችን መሃል ይቆርጣል።

ቀጣዩ ሥራ ዜሮ ፖይንት፣ ማለትም የካሜራውን ቁጥር ወደ ኮከብ ድምቀት የሚቀይረውን መነሻ ማውጣት ነው። ለዚህ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው ማጣሪያ የተነሡ መደበኛ ኮከቦች (ድምቀታቸው አስቀድሞ የታወቀ) ያስፈልጋሉ፣ ሌሊቱም ለብርሃን ልኬት የሚበቃ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ቀጭን ደመና ከነበረ ያንን ሌሊት ዝለሉት።