ቡናው ሳይፈላ እንዳትሄጂ

ባሕር ዳር፣ አንዲት ትንሽ የስጦታ ዕቃ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ሥራዬ ድንጋይ ላይ ሐረግና አበባ መሳል፣ ሰዎች የሚሉኝን ቃል መጻፍ ነው። አብዛኛው ደንበኛ "ጥሩ ቃል አንተው ፈልግለት" ይለኛል።

አምና ነሐሴ ላይ ግን አንዲት እናት ከመሸንቲ መጡ። በነጠላ የጠቀለሉትን ጥቁር ድንጋይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከሟች እናታቸው ደጅ፣ ከጤና አዳሙ ሥር ያነሡት ነው።

"ምን ልጻፍበት፣ እታለም?" አልኳቸው። ስለ እናት የተለመዱትን ሁለት ሦስት ቃላት አነበብኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እሷ እንዲህ አትልም ነበር ልጄ። 'ቡናው ሳይፈላ እንዳትሄጂ' ብለህ ጻፍልኝ። ልነሣ ስል ሁልጊዜ የምትለኝ እሱን ነው።"

ቀኑ ረቡዕ ነበር። አርባዋ ደግሞ እሁድ። እደርሳለሁ አልኩ።

ድንጋዩን በኦሞና በብሩሽ አጥቤ ከሰል ምድጃ አጠገብ አስጠጋሁት። የቤቱ ባለቤት ጋሼ አይተው ብድግ አደረጉት፤ ውሃ የጠጣ ድንጋይ እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። እኔ ግን ፊቱ ነጣ ሲል ደረቀ ብዬ ነጭ ቀለም ቀባሁ፣ ዙሪያውን የጤና አዳም ቅጠልና ቢጫ አበባውን ሳልኩ፣ ጻፍኩ፣ ዝናብ ላይ ስለሚውል ብዬ እዚያው ማታ ቫርኒሽ ደረብኩበት። አርብ ጠዋት ስመጣ ቀለሙ አረፋ አውጥቷል። በጣቴ ነካ ሳደርገው "ቡናው" የሚለው ቃል እንዳለ ተላጠ።

የኛ አካባቢ ጥቁር ድንጋይ ድሮ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው። ሲቀዘቅዝ ውስጡ የቀረው ጋዝ ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶበታል። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ የከረመ ድንጋይ በዚያ ቀዳዳ ውሃ ይይዛል። ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና ነው፤ ውሃው መውጫ ሲፈልግ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። ይህን አውቀው ነበር እኮ! ቀኑ ስላጠረብኝ ብቻ ነው ያለፍኩት።

በሌላ ድንጋይ እንዳልተካው ድንጋዩ የእናታቸው ነው። ደወልኩና እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ዝምታቸው ከቁጣ ይከብድ ነበር። ከዚያ "ይሁን፣ ለአርባዋ ባይደርስም ተወው። ብቻ እንዳይላጥ አድርገህ ሥራልኝ" አሉኝ።

ቀለሙን በእንጨት ፋቅሁት፤ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አነሣሁት። ዝናብ የማይደርስበት ነፋሻ መስኮት ላይ አኖርኩት። ጎረቤታችን ካለው ቅመም ቤት ሚዛን እየተዋስኩ በየቀኑ መዘንኩት። መጀመሪያ 1,840 ግራም ነበር። በ12ኛው ቀን 1,765 ደረሰ፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሳይቀንስ ቆመ። ያኔ ብቻ ቀለም ነካሁ። በየደረጃው አንድ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፣ ቫርኒሹንም ሁለት ጊዜ በስሱ ደረብኩ።

እታለም መስከረም ላይ መጥተው ወሰዱት። አላነበቡትም፤ ፊደሉን በጣታቸው አንድ በአንድ ዳሰሱት። የቀረውን ሂሳብ አልቀበልም ብል እንቢ አሉ።

ዘንድሮ ሐምሌ ላይ በልጃቸው ስልክ ፎቶ ላኩልኝ። ድንጋዩ ከጤና አዳሙ ሥር ተመልሷል። ዝናብ እየወረደበት ነው፣ ፊደሉ እንዳለ አለ።