ሰያፉ ሸራ

ባሕር አይቼ አላውቅም። ደብረ ብርሃን ላይ ባዮሎጂ ሳስተምር ግን ስለ ባሕር እንስሳት የማወራው ምጽዋ ተወልጄ እንዳደግሁ ሆኜ ነው።

ሚያዝያ ነበር፣ ከፋሲካ መልስ። አንዲት ተማሪዬ ስልኳን ይዛ መጣች። (ስልክ ክልክል ነው። ያን ቀን ግን እኔም ጉጉቱ ያዘኝና ዝም አልኩ።) አሜሪካ፣ ኦሪገን የምትኖር አክስቷ ቪዲዮ ልካላታለች። አሸዋው ሰማያዊ ቀለም የተደፋበት ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፍጥረታት ናቸው። መዳፍ አይሞሉም። ጀርባቸው ላይ እንደ ላስቲክ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ቆሟል።

«ቲቸር፣ ምንድን ነው?»

«ጄሊፊሽ ነዋ! ነፋስ ወደነፈሰበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወደ ዳር ከነፈሰ ሁሉም ዳር ይወጣል።»

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ለክፍሉም አስተማርኩት፤ በሳምንቱ ደግሞ ፈተና ውስጥ አስገባሁት። እውነት ወይም ሐሰት፦ እነዚህ ጄሊፊሾች ነፋሱ ወደሚሄድበት በቀጥታ ይሄዳሉ። መልሱ «እውነት»። ሃምሳ ምናምን ወረቀት ሳርም አንድ «ሐሰት» አገኘሁ። ያቺው ልጅ ናት። ከጎኑ በእርሳስ «ጄሊፊሽም አይደለም» ብላ ጨምራለች። ኤክስ አደረግኩባት።

በማግስቱ ቅሬታ ይዛ ስታፍ ድረስ መጣች። ባልደረቦቼ ሻይ ይዘው ጆሯቸውን አቁመዋል። «ከመጽሐፉ አትውጪ» አልኳት። ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ ጭራሽ እንደሌለ እኔም አውቃለሁ።

ማታ ጋቢዬን ተከናንቤ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙ ቬሌላ ቬሌላ ነው፤ የጀልባ ሸራ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ። የጄሊፊሽ ዘመድ ነው እንጂ እውነተኛው ጄሊፊሽ አይደለም። አንድ እንስሳ የሚመስለን ፖሊፕ የሚባሉ ብዙ ትንንሽ እንስሳት ተጣብቀው በደቦ የሚኖሩበት ነው። መሐል ያለው ትልቁ ይመገባል፣ ሌሎቹ ዘር ያፈራሉ፣ ዳር ዳሩን የተሰለፉት ይናደፋሉ። ንድፊያቸው ሰውን ብዙም አይጎዳም፤ ነክቶ ዓይን ማሸት ግን ጥሩ አይደለም። ሸራው ከካይቲን የተሠራ ነው፤ የአንበጣ ቅርፊት ከሚሠራበት ማለት ነው። ለዚህ ነው ዳር ወጥቶ ሲደርቅ ላስቲክ የሚመስለው።

እኔን ያሸማቀቀኝ ሸራው ነው። ሰያፍ ነው። ከዚያ ላይ ደግሞ አንዳንዱ ግራኝ ነው፣ አንዳንዱ ቀኝ፤ ልክ በመስታወት እንደታየ። መቅዘፊያ የላቸውም፣ ነፋስ ወስዶ የሚጥላቸው ናቸው። ቢሆንም በአንድ ነፋስ አንዱ ከነፋሱ መስመር ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ፈንጠር ብሎ ይሄዳል። «ቀጥታ» ያልኩት ከየት አምጥቼ ነው?

ጠዋት ዲፓርትመንት ኃላፊያችንን አማከርኩ። «ጥያቄውን ሰርዘው» አለኝ። ለልጅቷ ነገርኳት።

«ከተሰረዘማ ቲቸር፣ እኔ ምን ተጠቀምኩ?»

እውነቷን ነው። ሌሎቹን ልቀንስባቸው ደግሞ አልችልም፤ የጻፉት እኔ ያልኳቸውን ነው። ስለዚህ ክፍል ገብቼ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩና ለሁሉም ሰጠሁ። ለእሷ ሁለት። ኃላፊው ይህን እስካሁን አልሰማም።

ከዚያ ለማሳየት ወጣን። ሳፋ ውኃ ሞላን፤ ሃይላንድ ቆርጠን ስምንት ቬሌላ ሠራን። አራቱን ወደ ግራ አጋደልናቸው፣ አራቱን ወደ ቀኝ። የደብረ ብርሃን ነፋስ ደግሞ ለማስተማሪያ ተብሎ አይነፍስም። ሁለቱ ተገለበጡ። ሦስቱ ዝም ብለው እንደ እንዝርት ይሾራሉ። አንዱ ከነሸራው ከሳፋው ወጥቶ አጥር ዘለለ፤ ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። የቀሩት ሁለቱ ግን አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ሄደው የሳፋውን ጠርዝ ነኩ።

«እዚህ ነፋሱ በዛ እንጂ» አልኩ፣ «ባሕር ላይ እንዲህ አይደለም።»

ልጅቷ የተገለበጠውን እያቃናች ቀና አለች።

«ቲቸር፣ ባሕር አይተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አልኳት።