ጣዖት ያለው ማነው?

ባሕር ዳር አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ወጣቶች ተሰብስበው ልብ ወለድ ያነባሉ። ባለፈው ክረምት የያዝነው እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመውን የፍራንክ ኸርበርትን «ዱን» ነበር፤ የስድስቱን ተከታታይ የመጀመሪያ። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳቸው ሁለት ሁለት ገጽ የአማርኛ ማብራሪያ አዘጋጅላቸዋለሁ።

ታሪኩ ዝናብ የማያውቅ ፕላኔት ላይ ነው። እኛ ጣና ዳር ተቀምጠን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው እናነባለን። እዚያ በአሸዋው ውስጥ በመቶ ሜትር የሚቆጠር ርዝመት ያለው ትል ይሄዳል። ውኃ ይገድለዋል። የበረሃው ሰዎች፣ ፍሬመኖቹ፣ ይሰግዱለታል።

እኔም «ፍሬመኖች ትሉን እንደ ጣዖት ያመልካሉ» ብዬ ጻፍኩ። ቃሉን ስመርጥ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሃያ ኮፒ አባዝቼ አደልኩ።

ዘንድሮ 11ኛ ክፍል የምትገባ፣ ብዙ የማታወራ ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጣዖት ያለው ማነው? እነሱ ናቸው ወይስ እርስዎ?»

መጽሐፉን ገለጥኩ። እነሱ የሚሉት «ሜከር» ነው። ቃሉ ሁለት ነገር ይይዛል። ፈጣሪ ማለትም ነው፣ ነገር የሚሠራ ማለትም ነው። ትሉ ደግሞ በእርግጥ ይሠራል። ትሉ ገና ትንሽ ሳለ ከአሸዋ በታች ውኃ ያቁራል። የሱ እዳሪና ያ ውኃ ተብላልቶ ቅመም ይሆናል። ቅመሙ ከሌለ ደግሞ ከኮከብ ኮከብ መንገዱን አይቶ መርከብ የሚነዳ የለም። ፍሬመኖቹ እምነታቸውንና የበረሃውን ተፈጥሮ በአንድ ቃል ጠቅልለውታል። እኔ ነኝ ግማሹን ቆርጬ የጣልኩት።

«አያቴ ሰከላ ናት» አለች ልጅቷ። «ለሷ ግሽ ዓባይ ጠበል ነው። መምህራችን የወንዝ መነሻ ይለናል። ያው ውኃ ነው ጣና የሚገባው። ማንን ውሸታም እንበል?»

አንዱ ልጅ አላስጨረሳትም። ፍሬመኖች ዋናውን ባለታሪክ ፖልን አዳኛችን ነው ያሉበትን ትንቢት እኮ ቤኔ ጄሰሪት የሚባል የምስጢር ማኅበር ሴቶች ናቸው አስቀድመው በሕዝቡ መሐል የዘሩት፤ ለራሳቸው ሰው መጠጊያ እንዲሆን። መጽሐፉ ራሱ ይናገራል።

«ታዲያ ፖል ወደፊት የሚሆነውን በእውነት የሚያየው እንዴት ነው?» አለች ልጅቷ።

ክፍሉ ተንጫጫ። የሻይ ሰዓት አለፈ፣ የተነሳ ግን የለም። ሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱን እኔ እሰጥ ነበር፤ ያን ቀን ዝም አልኩ። ከሁሉ የምወደው ይህንኑ ነው። ደራሲው ወሬውን ማን እንዳስወራው ገልጦ ያሳየናል፣ ምስጢሩ ግን እንዳለ ይቀራል።

ሰኞ ማብራሪያውን እንደገና ጻፍኩ። አሁን መጀመሪያ ሰዎቹ ራሳቸው ምን እንደሚሉ እጽፋለሁ፣ የኔን ግምት ከሥሩ ለብቻው። «ጣዖት»ን ሰረዝኩ። «ፈጣሪ» በአማርኛ ለአንዱ ብቻ ነው የሚባለው፤ ለትል መጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። ብዙ አውጥቼ አውርጄ «ሠሪው ይሉታል» አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጅቷ ኮፒዋን ጠረጴዛ ላይ ትታ ሄደች። «ሠሪው» ከሚለው ጎን በእርሳስ «የምን?» ብላ ጽፋበታለች።